ስለ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃዎች የነጋዴው ኃላፊነት

በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዳቦ የሚጋግር፣ ሥጋም የሚጠብስ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለከተማ ቤተሰብ ጠቃሚ ዕቃ ነው። ለጥቂት ምግብ ሲባል ትልቁን ምድጃ ከማሞቅ ያድናል። ዳሩ ግን ጥቅሙ የሚገኘው ገዥው የሚገዛውን ዕቃ ጠባይ አውቆ ሲገዛ ነው።

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መሥመር 220 ቮልት ሲሆን፣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው ምድጃ የ120 ቮልት ነው። ይህ ምድጃ በቀጥታ ቢሰካ ከተሠራለት ኃይል ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚስብ ይቃጠላል፤ ቤትንም ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። 1500 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ደግሞ ከባድና ውድ በመሆኑ፣ ርካሽ የተባለው ዕቃ በመጨረሻ ውድ ይሆናል።

ገዥው ራሱ አንብቦ ይወቅ ማለት አይበቃም፤ በዕቃው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ነውና። ስለዚህ አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ 220 ቮልት መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጥ። ባለሱቁም ቮልቱን፣ ዋቱንና የውስጡን ስፋት በአማርኛ ይግለጽ፤ ድፎ ዳቦ የማይገባበት ከሆነ አይደብቅ። ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ ማከፋፈያ እንዳይሰካ፣ ከመጋረጃም እንዲርቅ ያስጠንቅቅ። የተታለለ ገዥ ወደዚያ ሱቅ አይመለስም፤ በእውነት የተመከረ ግን ጎረቤቱን አስከትሎ ይመጣል።