የበሰበሰ ጣውላና የሕግ የበላይነት

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጣውላ ነው። «ፖለቲካ ስንጠብቅ የአናጢ ወሬ ምን ያደርግልናል?» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

የምኖረው ከዋሺንግተን ብዙ በማይርቅ፣ በሕግ «ታሪካዊ» ተብሎ በተከለለ ሰፈር፣ ከመቶ ዓመት በላይ ባስቆጠረ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው። የቤቱን ውጭ ያለበሰው ጣውላ በመንገድ በኩል በስብሶ፣ ቀለሙም እየተላጠ ቢያስቸግረኝ ቫይኒል የሚባለውን የፕላስቲክ ልባስ ልደርብበት አሰብኩ። ዋጋው ይቀላል፤ ቀለም ቀቡኝም አይልም። የቅርስ ጥበቃ ቦርዱ ግን ከለከለኝ።

ተናደድኩ። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁትን ቤት ልብስ ለመለወጥ የማን ፈቃድ ያስፈልገኛል? ወዳጆቼም «የአሜሪካ ነፃነት ይኸው ነው?» ብለው ተሳለቁብኝ።

ይሁን እንጂ ክልከላው በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ደረሰኝ። ፕላስቲኩ እርጥበት ሊያፍን፣ ከሥሩ ያለውን ብስባሴና ምስጥ ከዓይን ሊሰውር፣ የመስኮቱንና የጣሪያውን ጠርዝ ጌጥ ሊያጠፋ ይችላል ይላል። በግልጽ ስብሰባ ቀርቤ ተከራከርኩ፤ ጎረቤቴ እዚያው ተነሥታ ተቃወመችኝ። በመጨረሻም የበሰበሰውን ብቻ አውጥቼ በዚያው ወርድና ቅርጽ በተሠራ ጣውላ እንድተካ ተወሰነ፤ ከመንገድ በማይታየው በጓሮ በኩል ግን ቀለል ያለ ልባስ ተፈቀደልኝ። ወጪው ጎድቶኛል። ጡረተኛውን የሚያስጨንቅ እንዲህ ያለ ሕግ ድጎማ ሊከተለው ይገባል ስል ዛሬም እሟገታለሁ።

ሕጉ ግን ለእኔ ቢጤ ብቻ የተሠራ ወጥመድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኒው ዮርክ ውስጥ የፔንሲልቬንያ ባቡር ጣቢያ መፍረስ ሲጀምር የተቀሰቀሰው ቁጣ በ1965 ለከተማዋ የቅርስ ሕግ መንገድ ጠረገ። ፔን ሴንትራል የተባለው የባቡር ኩባንያ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ላይ ረጅም ፎቅ ልሥራ ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሟገትም በ1978 ተረታ። እኔን ያሰረ ገመድ ግዙፉንም አስሯል።

ይህን ሁሉ የማወራው ለአሜሪካ ጣውላ ተጨንቄ አይደለም። ያደግሁበት ዶሮ ማነቂያ፣ ከፒያሳ ጋር፣ በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስም ፈርሷል። አክስቴ በዚያ ቤት ግማሽ ምዕተ ዓመት ኖረዋል። የጭቃውን ግድግዳ ምርጊት ለማደስ እንኳ ፈቃድ ሲለምኑ ነበር የኖሩት። እንዲለቁ የተነገራቸው ግን በቃል ነው፤ የተሰጧቸውም ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ወረቀት የለ፣ ምክንያት የለ፣ አቤት የሚሉበት ደጅ የለ።

ሕግ አጥተን ነውን? አይደለም። ቅርስን ያለ ፈቃድ መጠገንንም ሆነ ከቦታው ማንሣትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያን ጊዜ ሩብ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። ያጣነው ሹሙን የሚያስር ሕግ ነው። ምርጊት ለመመረግ ፈቃድ የሚጠየቅባት ከተማ፣ ሰፈር ለመናድ ማንም ማንንም የማይጠይቅባት ሆነች።

«ታዲያ ደሳሳ ጎጆ ሁሉ ቅርስ ነው ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። መጸዳጃ የሌለው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈስ ቤት ድህነት ነው፤ ድህነትን ደግሞ በቅርስ ስም ማቆየት ግፍ ነው። ከተማ ይታደስ፤ የሚፈርስም ይፍረስ። የምጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የሚወስነው አካል ምክንያቱን ጽፎ ይፈርምበት፣ ነዋሪው በአደባባይ ይደመጥ፣ ይግባኝ የሚልበት ገለልተኛ ዳኛ ይኑረው።

እኔ በአንድ ግድግዳ ጣውላ ተከራክሬ ተረታሁ። አክስቴ ግን ከነሰፈራቸው ሲነሡ እንኳ አልተረቱም፤ የተከራከራቸው አልነበረምና።

ልብ ያለው ልብ ይበል።