«ተጠቃሚ» የተባለው ማን ነው? የሶፍትዌር የደኅንነት ማስታወቂያዎች ቋንቋ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2014 የኦፕንኤስኤስኤል አዘጋጆች አንድ አጭር ማስታወቂያ አወጡ። ኦፕንኤስኤስኤል ድረ ገጾች ከጎብኚዎቻቸው ጋር የሚለዋወጡትን መረጃ ለመመስጠር የሚያገለግል ሶፍትዌር ነው። ሃርትብሊድ ተብሎ የታወቀው ጉድለቱ ሁለት ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆይቷል። ማንም ሰው አጭር መልእክት ልኮ ርዝመቱን አጋንኖ ቢናገር፣ ሰርቨሩ ሳያጣራ የጎደለውን ከራሱ ማኅደረ ትውስታ ሞልቶ፣ በአንድ ጊዜ እስከ 64 ኪሎባይት ድረስ ይመልስለት ነበር። በተመለሰው መረጃ ውስጥ የሌሎች ሰዎች የይለፍ ቃል፣ አልፎ ተርፎም የሰርቨሩ የምስጢር ቁልፍ ሊገኝ ይችላል።

እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎች ዘወትር የሚነቀፉት በሙያዊ ቃላታቸው ነው። ነቀፋው ግን ዒላማውን የሳተ ይመስላል። «የወሰን ፍተሻ» የሚለው ቃል ለሰርቨር አስተዳዳሪው ትክክለኛና አስፈላጊ ነው፤ ያልገባውም ሰው እንዳልገባው ያውቃል። አሳሳቹ ቀላሉ ቃል ነው። ማስታወቂያው ጉድለቱ የሚመለከታቸው «ተጠቃሚዎች» ወደ 1.0.1ጂ ስሪት እንዲሸጋገሩ ይመክራል። እዚህ ላይ ተጠቃሚ ማለት ሶፍትዌሩን በሰርቨር ላይ የጫነ ባለሙያ ነው። ኢሜይሉን የሚከፍተው ሰውም ራሱን ተጠቃሚ ብሎ ይጠራል፤ ሆኖም የሚያሻሽለው ሰርቨር የለውም፤ ስለ ይለፍ ቃሉም በማስታወቂያው የተነገረው ነገር የለም።

በዚያው ሰሞን ለሕዝብ ከቀረቡት ምክሮች አንዳንዶቹ በተቃራኒው እጅግ ቀላል ነበሩ፦ የይለፍ ቃላችሁን ሁሉ አሁኑኑ ለውጡ። ይህን ያልተረዳ አልነበረም። ነገር ግን ሰርቨሩ ሳይጠገን የይለፍ ቃሉን የለወጠ ሰው አዲሱንም ለሌባ አጋለጠ። ቋንቋው ሲቀል «ከተጠገነ በኋላ» የሚለው ቅድመ ሁኔታ አብሮ ወደቀ፤ ከቃላቱ ሁሉ መቅረት ያልነበረበት ደግሞ እርሱ ነበር።

የአማርኛ ማስታወቂያ ጸሐፊ የራሱ ፈተና አለበት። «ሰርቨር» የሚለውን ቃል አንባቢው ለምዶታል፤ ምትክ መፈለግ አያሻም። «ሰርተፊኬቱን ሪቮክ ማድረግ» ግን በግዕዝ ፊደል ስለተጻፈ ብቻ አማርኛ አይሆንም፤ «መሻር» የሚል ነባር ቃል እያለ! ከዚህ ይልቅ የሚከፋው «ማሻሻያው እንዲጫን ይመከራል» የሚለው አጻጻፍ ነው። የአማርኛ ግስ አድራጊውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይሄዳል፤ «ጫኑ» ሲባል ታዛዡ ይታወቃል። «ይጫን» ሲባል ግን ባለሙያው ለደንበኛው፣ ደንበኛውም ለባለሙያው ይተዉታል። ሁለቱንም የሚለይ ማስታወቂያ ለመጻፍ ብዙ ቃል አይጠይቅም፦ «የሰርቨር አስተዳዳሪዎች፣ አዲሱን ስሪት ዛሬ ጫኑ፤ የቀድሞውን ሰርተፊኬት ሽራችሁ በአዲስ ቁልፍ ተኩ። ደንበኞች፣ ጥገናው መጠናቀቁን እስክናሳውቃችሁ ወደ ሒሳባችሁ አትግቡ፤ የይለፍ ቃላችሁን ከዚያ በኋላ ለውጡ።»