ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ሕይወታቸውንም እናስብ



ከትንሣኤ በፊት ባለችው እሑድ፣ በሆሳዕና፣ ምእመናን የዘንባባ ዝንጣፊ በግንባራቸው አስረው በቤተ ክርስቲያን ሲሰበሰቡ በሌላ ጊዜ የማይታይ አንድ ሥርዓት ይፈጸማል። ጸሎተ ፍትሐት በቁማቸው ላሉ ሰዎች ይደርሳል። ፍትሐት ለሞተ ሰው የሚደረግ ጸሎት መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ ሰሙነ ሕማማት የጌታ ሕማምና ሞት ብቻ የሚታሰብበት ሳምንት በመሆኑ በእነዚያ ቀናት ለሌላ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ በሳምንቱ ውስጥ ከዚህ ዓለም የሚለይ ቢኖር ጸሎቱ እንዳይቀርበት አስቀድሞ ለሁሉም ይደረስለታል። ሽማግሌውም ሕፃኑም፣ ሀብታሙም ድሀውም፣ የራሱን ፍትሐት በራሱ ጆሮ ሰምቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለዛሬው ርእሰ ጉዳያችን የሚሆን ቁም ነገር አለ። ለሰው የሚገባው ነገር ሁሉ ከሞተ በኋላ ብቻ የሚደረግ አይደለም። መታሰቢያም እንዲሁ ነው።

ዛሬ በአዳማ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ፣ በመቂና በባቱ፣ እስከ ሻሸመኔም ድረስ በየቤቱ የፋሲካ ገበታ ይቀርባል። ከገበታው ዙሪያ አንድ ሰው የጎደለበት ቤት ግን ጥቂት አይደለም። ባለፈው ዓመት በዚህ ቀን ባርከው ድፎውን የቆረሱት አባት ዘንድሮ የሉም። ዶሮውን የሠሩት እናት ዘንድሮ ወንበራቸው ባዶ ነው። ልጆች ወጡን ሲቀምሱ «የእማማ እጅ የለበትም» ብለው ዝም ይላሉ። በዓል የሐዘንን ቁስል የሚነካ መሆኑን ያዘነ ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ዕለት ስለ ሞቱ ሰዎች ማንሳታችንም ደስታን ለማደብዘዝ ሳይሆን ትንሣኤ ራሱ የሙታን ተስፋ በመሆኑ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን በአሁኑ ወቅት እያለፈ ያለው ትውልድ ልዩ መታሰቢያ የሚገባው ነው። አዳማ ያደገችው ከባቡሩ ጋር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በመንገዱ ላይ ያሉት ጣቢያዎች የከተማ ፍሬ አፈሩ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የቆቃ ግድብ ሲመረቅ፣ ከአራቱም ማዕዘን ሥራ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ በአካባቢው ሰፈረ። ሸንኮራ የቆረጠው፣ ፉርጎ የጫነው፣ በጣቢያው ዙሪያ እንጀራ ጋግራ ልጆቿን ያስተማረችው፣ ከዝዋይ ሐይቅ ዓሣ አውጥቶ የሸጠው፣ በመቂ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማው፣ በፈረቃ ሁለት ክፍል አከታትሎ ያስተማረው መምህር፣ እነዚህ ናቸው ከተሞቹን ከተማ ያደረጓቸው። በዚያ ዘመን ወጣት የነበሩት ዛሬ ካሉ በእርጅና፣ ብዙዎቹም በመቃብር ናቸው። ከእያንዳንዳቸው ጋር በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ ታሪክ ይቀበራል።

እርግጥ ነው፣ ሕዝባችን ሙታኑን የማያስብ ሕዝብ አይደለም። ለፋፊው በማለዳ ሞት ሲለፍፍ የሰፈሩ ሰው ሥራውን ትቶ ይሰበሰባል። ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል። በአዳማ በአንድ ዕድር ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌውና ከምባታው አብረው ሬሳ ይሸኛሉ። ሦልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ እንደየአቅሙ ይታሰባል። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። በዕድሩ መዝገብ ላይ ስለ አንድ ጎረቤታችን የተጻፈው ምንድን ነው? ስሙ፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ የከፈለው መዋጮና ያለበት ውዝፍ ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት አብሮን ቀባሪ ሆኖ የኖረ ሰው በጽሑፍ የሚተርፈው በወር መዋጮው ልክ ነው ማለት ነው። በመቃብር አፋፍ የሚነበበው የሕይወት ታሪክም ብዙውን ጊዜ ከዚህ አይሻልም። ከአባታቸውና ከእናታቸው በዚህ ዓመት ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ትምህርት ቤት ገቡ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት በቅንነት አገለገሉ፣ የዚህን ያህል ልጆች አፈሩ፣ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው አረፉ ይባላል። ስሙን ቀይሮ ለሌላው ሟች ቢያነቡት ልዩነቱን የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ደመወዝ ተቀብላ የማታውቅ እናትማ ከነጭራሹ ሁለት መስመር አትሞላም፤ የልጆቿ ቁጥር ብቻ ይነገርላታል። ንባቡ ሲያበቃ ወረቀቱ በአንዱ ኪስ ታጥፎ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚያየው የለም።

ጉድለቱ የፍቅር ማነስ አይደለም። ሰው በሞተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ እንባው ያልደረቀ ልጅ ወይም ቸኩሎ የተጠራ ዘመድ ሌሊት የሚጽፈው ጽሑፍ ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም። ያልተጠየቀና ያልተሰበሰበ ሕይወት በአንድ ሌሊት አይጻፍም።

ለመሆኑ ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳኗን እንዴት ታስባለች? የስማቸውን ዝርዝር ብቻ ይዛ አልቀረችም። ስንክሳር በየዕለቱ የሚነበበው የቅዱሳን ዜና ሕይወት ነው። ሰውየው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተፈተነ፣ ለማን ምን እንዳደረገ በአጭሩ ይተርካል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበውም ባረፈበት ዕለት ነው። በዝዋይ ሐይቅ ውስጥ በቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ ባለችው በደብረ ጽዮን ገዳም ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት እስከ ዘመናችን ተጠብቀው ኖረዋል። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የደከሙት አባቶች መልካም ሥራ ካልተጻፈ እንደሚረሳ ያውቁ ነበር።

በግብረ ሐዋርያት የተጻፈውን የጣቢታን ዜናም እናስታውስ። ጣቢታ በኢዮጴ ስትሞት ቅዱስ ጴጥሮስ ተጠርቶ መጣ። በሬሳዋ ዙሪያ የቆሙት መበለቶች እያለቀሱ ያሳዩት በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ ነው። ስለ ደግነቷ ብዙ ቃል መናገር አላስፈለጋቸውም፤ የእጇን ሥራ አሳዩ። ከዚህ የበለጠ የሕይወት ታሪክ አቀራረብ የለም። አንዲት የአዳማ እናት ደግ ነበሩ ብለን ከምናልፍ፣ በየትኛው ክረምት የማንን ልጅ ከልጆቻቸው ጋር እንዳሳደጉ ብንናገር ልብሱን እንዳሳየን ይቆጠራል።

ከራሳችን አካባቢም የቅርብ ጊዜ ምስክር አለን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዐቢይ ጾም በቅድስት ሰንበት፣ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥር ኢቲ 302፣ ከስድስት ደቂቃ ገደማ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በጊምቢቹ ወረዳ ቱሉ ፈራ ከተባለ ስፍራ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች ሁሉ አለቁ። 149ኙ መንገደኞች፣ 8ቱ የበረራው ሠራተኞች ነበሩ፤ ዜግነታቸውም ከ30 በላይ ከሆኑ አገሮች ነበር። የአካባቢው ገበሬዎችና ሴቶች ስማቸውን ለማያውቋቸው፣ ቋንቋቸውን ላልሰሟቸው ሰዎች አለቀሱ። በመጋቢት 8 ቀን በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለኢትዮጵያውያኑ የተደረገው የቀብር ሥርዓት የተፈጸመው በሰንደቅ ዓላማ በተሸፈኑ ባዶ ሣጥኖች ነበር። ቤተሰቦች ለጊዜው የተሰጣቸው ከስፍራው የተወሰደ አፈር ነበር። አርባቸው የወጣው ከሆሳዕና ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው።

ሬሳ በሌለበት፣ የሚሳለሙት መቃብር በሌለበት፣ ለእነዚያ ቤተሰቦች የቀረላቸው ምን ነበር? ሕይወታቸው ብቻ ነበር። በመጀመሪያ ዓለም የሰማው ቁጥሩን ነው። ቆይቶ ግን ቤተሰቦች እየወጡ ልጃቸው ማን እንደነበረ፣ ምን እንደሚወድ፣ ወዴት ለምን ይሄድ እንደነበር መናገር ጀመሩ። ዋና አብራሪው ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት እንደነበር፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኬንያዊት እንደሆኑ፣ ከ8,000 ሰዓት በላይ እንደበረረ ያወቅነው በዚህ መንገድ ነው። ቁጥር የነበረው ሰው ሆነ። ለሟች ማድረግ የምንችለው ትልቁ ነገር ከቁጥርነት ወደ ሰውነት መመለስ እንደሆነ ቱሉ ፈራ አስተምሮናል።

ከዚያ በዓመቱ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። በ2012 ዓ.ም. የፋሲካ በዓል ብዙ ምእመናን በቤታቸው ሆነው አሳለፉ። ለቅሶ ቤት መሰብሰብ ተከለከለ፣ ቀብሩም በጥቂት ሰው ተፈጸመ። በዚያ ወራት በወረርሽኙም ሆነ በሌላ ሕመም ያረፉ ሰዎች ድንኳን አልተተከለላቸውም፤ የሕይወት ታሪካቸውን ቆሞ የሰማ ሰው ጥቂት ነበር። ይህ በየሰፈሩ ያልተከፈለ የለቅሶ ዕዳ ነው። ድንኳኑን አሁን መትከል አይቻልም፤ ታሪካቸውን መጻፍ ግን ይቻላል።

አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ፣ ለሟች የሚጠቅመው ጸሎትና ምጽዋት እንጂ ጽሑፍ አይደለም፣ ይህ ውዳሴ ከንቱ ነው ይሉ ይሆናል። ቅሬታው ክብደት ያለው ነው። በቅዳሴ የሟቹ ስመ ክርስትና ሲነሣ እግዚአብሔር ሕይወቱን እንዲነግረው ጸሐፊ አያስፈልገውም። ጽሑፉ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው። አያቱ ምን ተቸግረው እንዳለፉ ያላወቀ ልጅ የተቀበለውን ስጦታ አያውቅም፤ ያላወቀውንም ሊያመሰግን አይችልም። ደግሞም የምንለው ውዳሴ ጻፉ አይደለም። ሙት ወቃሽ መሆን ነውር እንደሆነ ሁሉ ሟችን ያልነበረውን አድርጎ መሣልም እርሱን ሳይሆን ሌላ ሰው ማስታወስ ነው። ቁጡ የነበሩትን ቁጡ፣ ግን ቁጣቸው በሯ ላይ የሚያልቅ ነበር ብሎ መጻፍ አያሳፍርም።

ወጪንም በተመለከተ፣ ተዝካር ለማውጣት ተበድረው ለዓመታት ዕዳ የሚከፍሉ ቤተሰቦች እንዳሉ እናውቃለን። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ግን ማንንም አያደኸይም።

ስለሆነም እንዲህ ቢደረግ መልካም ነው እንላለን። በለቅሶው ሦስት ቀናት ከድንኳን የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ስለ ሟቹ አንድ የሚያውቀው ነገር አለው። የድሮ የሥራ ባልደረባው አንዱን፣ የቡና ጎረቤቷ ሌላውን ታውቃለች። ቤተሰቡ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወጣት መድቦ ይህን ይሰብስብ። የመጣው በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ፣ በተናገረው ሰው ቃል ይጻፍ። የዕድር ጸሐፊዎች ከመዋጮው መዝገብ ጎን ሁለተኛ መዝገብ ይክፈቱ፤ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ገጽ ይበቃል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በዚህ አገልግሎት ሊያግዙ ይችላሉ። ገጹም በሙት ዓመቱ ዕለት ለተሰበሰበው ቤተሰብ ይነበብ። በየቤቱ በሣጥን ውስጥ ያሉ ፎቶግራፎችም ጀርባቸው ላይ ስምና ዓመት ይጻፍባቸው፤ የሚያውቃቸው ሰው ሳለ ካልተጻፈ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማን እንደሆኑ የሚናገር አይገኝም።

ከሁሉም በፊት ግን በሕይወት ያሉትን እንጠይቅ። በሆሳዕና የፍትሐቱ ጸሎት በቁም ላለ ሰው እንደደረሰ፣ መታሰቢያውም በቁም ይጀመር። ዛሬ ገበታው ከተነሣ፣ ቡናው ከተፈላ በኋላ በየቤቱ አንድ አረጋዊ ይቀመጣል። ልጆች ሆይ፣ አጠገባቸው ተቀመጡ። ወደ ናዝሬት መጀመሪያ የመጡት በምን እንደሆነ፣ ያን ዕለት ማን ቤት እንዳደሩ፣ ከእናታቸው የሰሙት የመጨረሻው ቃል ምን እንደነበር ጠይቋቸው። ስልካችሁ ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ ቅዱት። ሌላው ሁሉ ዛሬ ባይሆን ነገ ይገኛል፤ እርሳቸው ግን ለከርሞው ፋሲካ መኖራቸውን የሚያረጋግጥልን የለም።

ያረፉትን ነፍስ ይማር፤ ያሉትንም ለከርሞው በሰላም ያድርስልን። መልካም የትንሣኤ በዓል!