በሊንክ ያለስ?

በማኅበራዊ ሚዲያ የምንቀባበላቸውን ሊንኮች ለቅመውና አደራጅተው የሚያስቀምጡልን አገልግሎቶች ተራ በተራ እየተዘጉ ነው። ዴሊሽየስ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ፤ በ2005 ያሁ ገዛው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ በ2017 አዲስ ሊንክ መቀበል አቆመ። ወዳጆቻችን በትዊተር ያጋሩትን መርጦ ያቀርብ የነበረው ነዝል በ2021፣ የሞዚላው ፖኬት ደግሞ በ2025 ተዘጉ።

ነገሩ የቴክኖሎጂ ወሬ ብቻ ይመስላል። ሕግ ለተማርን ሰዎች ግን የማስረጃ ጉዳይ ነው። የሃርቫርድ ምሁራን በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች የተጠቀሱ ሊንኮችን መርምረው ግማሽ ያህሉ ወደተባለው መረጃ እንደማያደርሱ አሳይተዋል። የሃርቫርድ የሕግ ቤተ መጻሕፍትም አድራሻውን ብቻ ሳይሆን የገጹን ቅጂ ጭምር የሚያኖር ፐርማ የተባለ አገልግሎት በ2013 ጀመረ።

ወደ እኛ እንምጣ። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከወጣ ወዲህ ፌስቡክ ላይ የሰፈረ ቃል ሰውን ያስከስሳል። ጽሑፉ ከተሰረዘ በኋላ ሊንኩን ብቻ ይዞ የቀረበ ከሳሽ ምን ያስረዳል? ቃሌ ተቆርጦ ቀረበ የሚል ተከሳሽስ ሙሉውን ከየት ያመጣል?

በእኔ እምነት መፍትሔው ሌላ የሊንክ ማከማቻ መፈለግ አይደለም። አድራሻ ቤቱን አይተካም። የገጹን ቅጂ ከነቀኑ የሚያስቀምጥ፣ ከከሳሽም ከተከሳሽም ገለልተኛ የሆነ የሕዝብ ተቋም ያስፈልገናል። ለዚህ ሥራ ከቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍታችን የሚቀርብ የለም።

አበው “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ። በሊንክ ያለው ግን ጽሑፍ መስሎን ሳለ እንደ ቃል እየጠፋ ነው።