በቤት ስለሚሠራ አይሮፕላን መሪ አጠባበቅ

ሰው በገዛ ቤቱ ጠረጴዛና ወንበር ሲሠራ ማየት የተለመደ ነው። በአሜሪካ አገር ግን በመኪና ማሳደሪያው ውስጥ ቅዳሜና እሑድ አይሮፕላን የሚሠራ ሐኪም ወይም መምህር ማግኘት የሚያስደንቅ አይደለም። የእነዚህ ሰዎች መሰብሰቢያ የሆነው ማኅበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 በሚልዋኪ ከተማ በጳውል ፖበረዝኒ ተመሠረተ፤ የአገሩም ሕግ የሥራውን አብዛኛውን ክፍል ሠሪው ራሱ ለትምህርትና ለደስታ የሠራው እንደ ሆነ ይፈቅድለታል። እኛም ስለዚሁ ጉዳይ ስናነብ ልባችንን የሳበው ሞተሩ ሳይሆን፥ ከአብራሪው እጅ እስከ ጭራው የሚሄደው ቀጭን የብረት ገመድ ነው።

አብራሪው የሚያዝዝባቸው ክፍሎች ሦስት ናቸው። ኤለሮን የሚባሉት በክንፎቹ የኋላ ጠርዝ ተንጠልጥለው አይሮፕላኑን ወደ ጎን ያጋድላሉ፤ በጭራው ላይ ያለው አግዳሚ ክፍል አፍንጫውን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ቀጥ ብሎ የቆመውም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይመልሰዋል። እያንዳንዱ ስንት ዲግሪ መንቀሳቀስ እንዳለበት ንድፉን ያወጣው ሰው ጽፎታልና በግምት የሚወሰን ነገር አይደለም።

ገመዱን መወጠር የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። ከልክ በላይ የጠበቀ እንደ ሆነ መሪው ይከብዳል፥ ገመዱ የሚዞርባቸውም መዘውሮች ቶሎ ያልቃሉ፤ የላላ እንደ ሆነ ደግሞ መሪው ዘግይቶ ይታዘዛል። በዚህ ላይ የአየሩ ጠባይ ይጨመርበታል። አካሉ የአሉሚኒየም፥ ገመዱ የብረት ሲሆን፥ አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚረዝም፥ በቀትር የጠበቀው ገመድ በማለዳ ብርድ ላልቶ ይገኛል። ስለዚህ ውጥረቱ በመለኪያ የሚታየው ከዕለቱ ሙቀት ጋራ ተመዛዝኖ ነው። እርጅናውን ለማወቅ መጀመሪያ ገመዱን በጨርቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ መጥረግ ነው፤ የተበጠሰ ክር ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በባዶ እጁ የሞከረ ጣቱን ይወጋዋል፤ ይህን ትምህርት ሁለት ጊዜ የሚሻ የለም። በመዘውሩ ላይ የሚያርፈው ክፍል ግን ተፈትቶና ጎበጥ ተደርጎ ካልታየ ስብራቱ አይገለጥም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አደጋ ደግሞ ከቀለም ይመጣል። በብዙ ንድፍ ኤለሮኑ ከማጠፊያው በስተኋላ እንዳይከብድ በፊት ጠርዙ የእርሳስ ማዕድን ተደርጎበት ይመዘናል። ሠሪው ጎረቤት እንዲያደንቅለት ብሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀለም ቢደርብበት፥ የቀለሙ ክብደት አብዛኛው ከማጠፊያው በስተኋላ ስለሚያርፍ ሚዛኑ ይፋለሳል። በዝግታ ሲበር ምንም ምልክት አያሳይም፤ ፍጥነቱ ከአንድ ልክ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ኤለሮኑ ነፋስ እንደ መታው ባንዲራ ይርገበገብና በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ከክንፉ ሊገነጠል ይችላል። ከቀለም በኋላ እንደገና መመዘን ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ሁሉ ተወጥሮና ተመዝኖ ሳለ ገመዱ ተገላብጦ ቢታሰርስ? የሞኝ ስሕተት ይመስላል። ሆኖም በነሐሴ 17 ቀን 1939 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1947) በእንግሊዝ አገር በዉድፎርድ፥ ቱዶር የተባለው የአቭሮ አይሮፕላን ከመሬት እንደ ተነሣ ወድቆ፥ ላንካስተር የተባለውን ቦምብ ጣይ የነደፈው ሮይ ቻድዊክና አብራሪው ቢል ቶርን ከሌሎች ጋራ ሞቱ። ሲመረመር የኤለሮኖቹ ገመድ ተገላብጦ መታሰሩ ተገኘ፤ ያጋደለውን ክንፍ ለማንሣት መሪው በዞረ ቁጥር ክንፉ ይብሱን ያጋድል ነበር። እንደ ቻድዊክ ያለ ሊቅ በተሳፈረበት ይህ ከደረሰ፥ በሌሊት ብቻውን የሚሠራ ሰው አይደርስብኝም ሊል እንዴት ይችላል?

ገመዱን ያሰረ ሰው የሚያየው ያሰረውን ሳይሆን ሊያስር ያሰበውን ነውና፥ ሁለተኛ ዓይን ያስፈልጋል። «ይንቀሳቀሳል» ማለት አይበቃም፤ ወዴት? ዘንጉ ወደ ግራ ሲሄድ የግራው ኤለሮን ወደ ላይ፥ የቀኙ ወደ ታች ይሆናል፤ ዘንጉ ወደ ኋላ ሲሳብ የጭራው አግዳሚ ክፍል የኋላ ጠርዙ ከፍ ይላል። ዘንጉን አውራ ጣትን ቀጥ አድርጎ የያዘ ሰው፥ ጣቱ ባዘነበለበት በኩል ያለው ኤለሮን መነሣቱን ይመለከታል።

በዚህ ሥራ ሚስትም ልትረዳ ትችላለች። ባል ዘንጉን ይዞ ይቀመጣል፤ እርስዋም ከክንፉ አጠገብ ቆማ፥ ምን እንዳደረገ ሳይነግራት፥ የትኛው እንደ ተነሣ ጮክ ብላ ትናገራለች። ኋላ አብራው የምትሳፈረው እርስዋ ናትና፥ በሚዞር መጋጠሚያ ላይ አንድ ዳዶ ያለ መቆለፊያ ስፒል ብታይ «ይህስ?» ብላ መጠየቅ ይገባታል።