ጊታርም በሽምደዳ?

ማታ ማታ በመኝታ ቤቶቻችን አጠገብ የሚያልፍ ሰው የጊታር ድምፅ ሳይሰማ አያልፍም። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ጠጋ ብሎ የመረመረ እንደ ሆነ ነው። አንዱ ተማሪ ስልኩን ከፊቱ አቁሞ፥ ጃንጎ ራይንሃርት ከሰማንያ ዓመት በላይ አስቀድሞ በፓሪስ የተጫወተውን ሶሎ ጣት በጣት ይገለብጣል። ሌላው የማይነር ስኬሎችን በወረቀት ላይ ሥሎ፥ ከታች ወደ ላይ ከላይ ወደ ታች እንደ ዳዊት ይደግማል። ሁለቱም ለወራት ደክመዋል። ነገር ግን «በል እንግዲህ፥ የራስህን አንድ ነገር አሰማን» ቢባሉ እጃቸው ይተሳሰራል።

ይህ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ሩቅ አይደለም። በክፍል ውስጥ የለመድነውን ሽምደዳ ወደ ጊታር አዛውረነዋል። ሀንድአውቱን ሸምድደን ለፈተና እንደምንገለብጠው ሁሉ፥ ስኬሉንም ሸምድደን ለጓደኛ እንገለብጣለን። ፈተናው ሲያልቅ ትምህርቱ እንደሚጠፋ፥ ሶሎውም ሲያልቅ በእጃችን የሚቀር ነገር የለም። እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው ስኬል አይጠና ብዬ አይደለም። ስኬል ፊደል ነው፤ ፊደል ያልቈጠረ አያነብም። ዳሩ ግን ፊደል ቈጥሮ የቀረን ሰው ደራሲ ነው የሚለው ማነው?

ለመሆኑ ይህን ሙዚቃ ያቆመው ሰው እንዴት ተማረ? ጃንጎ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር ከሮማ ቤተ ሰብ ተወለደ። ኑሮው በሠረገላ ቤት ነበር። ኖታ ማንበብ አያውቅም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ሠረገላው ተቃጥሎ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተኰማተሩ። ከዚያ በኋላ ያን ሁሉ ፈጣን ሶሎ የተጫወተው በአብዛኛው በቀሩት ሁለት ጣቶች ነው። በ1934 ዓ.ም. ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር በፓሪስ የአምስት ሰዎች ጓድ አቋቋመ። ጓዱ ከበሮ አልነበረውም፤ የከበሮውን ሥራ የሚሠሩት ሁለት አጃቢ ጊታሮችና አንድ ባስ ነበሩ። እንግዲህ አስተውሉ። አራት ደኅና ጣት ይዘን፥ ወረቀትም ስልክም ሞልቶን፥ እርሱ በሁለት ጣት ያገኘውን የምናጣው ምን ጐድሎብን ነው? የጐደለን ስኬል አይደለም። ጆሮና ጓደኛ ነው።

ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። ከእጅ እየፈጠሩ መጫወት፥ ፈረንጅ ኢምፕሮቪዜሽን የሚለው፥ ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? የቅኔ ቤት ተማሪ ምን ይሠራል? ቅኔ አይደገምም። ትናንት የተባለውን ዛሬ የሚያመጣ ተማሪ ቅኔ አልቈጠረም ይባላል። ይሁን እንጂ ተማሪው ገና በመጀመሪያው ቀን ባለ ስምንት ቤቱን መወድስ ዝረፍ አይባልም። በባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ከሰው ተለይቶ ይቈጥራል፤ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ በማግሥቱ ሌላ አዲስ ይዞ ይመጣል። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ በሕጉ ውስጥ የሚነገረው ግን በየቀኑ አዲስ ነው። ይህን ዘዴ ወደ ጊታር የሚያዛውር ሰው ምነው ጠፋ?

አዝማሪውስ? ከአድማጭ አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ሲወረውርለት፥ አዝማሪው ግጥሙን በማሲንቆው ዜማ ላይ ተቀብሎ፥ ከራሱ ጨምሮ፥ ሳቅ አስነሥቶ ይመልሳል። ይህን ከአባቱና ከአጎቱ በጆሮ ተማረ እንጂ ከሰሌዳ አልተማረም። እኛ ግን አዝማሪ የሚለውን ቃል ስድብ አድርገነዋል። በአውሮፓም የሮማ ሰዎች በዚሁ ዓይነት ሲናቁ ኖረዋል። ፋሺስቶችና ናዚዎች በተነሡ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች መከራ አይተዋል። ናዚዎች በመቶ ሺሕ የሚቈጠሩ የሮማ ሰዎችን ፈጅተዋል። በእኛም አገር ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ በየአደባባዩ ታሪክ በዜማ የሚናገሩትን፥ ከጠንቋዮች ጋር ደምሮ፥ ተይዘው እንዲገደሉ አዝዟል። ጠላት እንኳ የፈራውን ሙያ እኛ የተማርነው ልጆች እንንቀዋለን። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ማይነር ለጆሮአችን እንግዳ አይደለም። ትዝታ ማይነርን ከላ ብንጀምር ላ፥ ሲ፥ ዶ፥ ሚ፥ ፋ እናገኛለን። ጂፕሲ ጃዝ አብዝቶ የሚጠቀምበት ሃርሞኒክ ማይነር ደግሞ ከዚያው ከላ ሲጀመር ላ፥ ሲ፥ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል ሻርፕ ነው። ሁለቱን አስተያዩአቸው። አምስቱ ድምፆች በእጃችን ያሉ ናቸው። የተጨመሩት ሬና ሶል ሻርፕ ብቻ ናቸው!

የእነዚህ የሁለቱ ሥራስ ምንድን ነው? ጃንጎና ግራፔሊ በ1937 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር የቀረጹትን «ማይነር ስዊንግ» የሚባለውን ዜማ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ዜማው በአብዛኛው በሦስት ኮርዶች ላይ ይሄዳል። የመጀመሪያው ላ ማይነር ነው፤ ድምፆቹም ላ፥ ዶ፥ ሚ ናቸው። እነዚህ ሦስቱም በትዝታ ማይነር ውስጥ አሉ። ሁለተኛው ሬ ማይነር ሲሆን ሬ፥ ፋ፥ ላ ይላል፤ ፋና ላ አሉን፥ ሬ የለንም። ሦስተኛው ሚ ሰቨን ነው፤ ሚ፥ ሶል ሻርፕ፥ ሲ፥ ሬ ይላል፤ እዚህ ላይ ሶል ሻርፕና ሬ ይጐድሉናል። ስለዚህ የሚጐድሉን ሁለት ድምፆች ልክ ኮርዶቹ ከቤት ወጥተው ሲሄዱ የሚያስፈልጉት ናቸው። ትዝታችን ከቤት ተቀምጦ የሚያስብ ነው፤ ሁለቱ ድምፆች ግን መንገደኞች ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። እነዚያኑ አምስት የትዝታ ማይነር ድምፆች ከሚ ብንጀምራቸው ሚ፥ ፋ፥ ላ፥ ሲ፥ ዶ ይሆናሉ። ይህ አምባሰል ነው። ስለዚህ ኮርዱ ወደ ሚ ሰቨን በተሻገረ ጊዜ አንድ አጭር የአምባሰል ሐረግ ጀምሮ፥ ላን በግማሽ ድምፅ ወደ ሶል ሻርፕ ዝቅ ማድረግ፥ ኮርዱ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ሶል ሻርፕን ወደ ላ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይቻላል። ይህን አንድ እርምጃ በጆሮው የያዘ ተማሪ፥ ሰባቱን ድምፅ መቶ ጊዜ ከወጣና ከወረደው ተማሪ ይልቅ ጨዋታ ጀምሯል እላለሁ። እርግጥ ነው፥ የማሲንቆና የክራር ተጫዋች የሚያወጣው ድምፅ በጊታር ፍሬት ከተከፋፈለው ጋር ሁልጊዜ ልክ ለልክ አይገጥምም። ስለዚህም ነው ቅኝቱን ከወረቀት ሳይሆን ከባለ ሙያው ጆሮ ለጆሮ መስማት የሚያስፈልገው።

ልምምዱም እንደ ቅኔ ቤቱ ይሁን። መጀመሪያ በሦስት ድምፅ ብቻ፥ በላ፥ በዶና በሚ፥ የሁለት ባር ጥያቄና የሁለት ባር መልስ ፍጠሩ። ይህ ጉባኤ ቃናችሁ ነው። ከመጫወታችሁ በፊት በአፋችሁ አንጐራጕሩት፤ አፍ ያላለውን እጅ ቢለው ሽምደዳ ነው። ቀጥሎ ሲንና ፋን ጨምሩ። ከዚያ ኮርዱ ሲለወጥ ሁለቱን መንገደኞች አስገቡ። በመጨረሻም ጂፕሲዎች እንደሚያደርጉት፥ ወደ ኮርዱ ድምፅ ከግማሽ ድምፅ በታች ወይም ከጎረቤቱ ድምፅ በላይ ተነሥታችሁ መድረስን ተለማመዱ። አንዱ ሲጫወት ሌላው ኮርዱን በልክ ይምታ። አጃቢ የሌለው ሶሎ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች እንደሚቃወሙኝ አውቃለሁ። የመጀመሪያዎቹ «ይህ የባዕድ ሙዚቃ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ይላሉ። ለእነዚህ የምመልሰው፥ በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸውን አርባ የአርመን ልጆችና መሪያቸውን ኬቮርክ ናልባንድያንን አስታውሱ ብዬ ነው። ያን ጊዜ በጥሩምባ የመጣው ድምፅ ዛሬ ለአዲስ አበባ ሰው ባዕድ ነውን? በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄም በዌልስ፥ በለንደንና በቦስተን ተምሮ፥ በ1966 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በኒው ዮርክ አፍሮ ላቲን ሶል የተባሉትን ሥራዎቹን ሲያወጣ፥ አምስቱን ድምፅ ከዐሥራ ሁለቱ ጋር አስማማ እንጂ አምስቱን አልጣለም። የጊታር ተጫዋቹ ግሩም መዝሙር ያቋቋመው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክትም ጊታርን ከአኮርዲዮን፥ ከክላርኔትና ከአንጋፋው ከአየለ ማሞ ማንዶሊን ጋር አገናኝቶ የድሮውን የአዲስ አበባ ዘፈን መልሶ አሰምቶናል። የፓሪሱን የክር ሙዚቃ የሚወድ ሰው ይህን ቢሰማ ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል። ጂፕሲ ጃዝ ራሱ የአሜሪካን ጃዝ፥ የፓሪስ ጭፈራ ቤት ዘፈንና የሮማ ሰዎች አጨዋወት ተጋብተው የወለዱት ነው።

ሁለተኛዎቹ «አገር በስንት ችግር ላይ ሳለች ስለ ጊታር ትጽፋለህን?» የሚሉ ናቸው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አገር የሚቸገረው በምንድን ነው? በአንድ በኩል የተሰጠውን ብቻ የሚደግም፥ ያልተጠበቀ ነገር ሲገጥመው ግራ የሚገባው የተማረ ሰው በመብዛቱ አይደለምን? ሕግን ጠብቆ አዲስ ነገር መናገር፥ ሌላው ሲናገር ዝም ብሎ ማጀብ፥ ተራ ሲደርስ ደግሞ ሳይፈሩ መጀመር፥ እነዚህ የሙዚቃ ብቻ ሙያዎች ናቸውን? የስብሰባዎቻችንን ጠባይ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

አሁን የቀረው የቦታ ነገር ነው። ይህ ጨዋታ የሚለመደው ሰው በሚገናኝበት ቤት ነው። አራዳ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለ ቦታ ነበረች። ገበያው በጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ጣሊያኖች ገበያውን ወደ መርካቶ ሲያዛውሩ ፒያሳ የሚለውን ስም ትተውልን ሄዱ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በዚሁ ሰፈር ተመሠረተ። «የአራዳ ልጅ» ስንል ለተወረወረለት ቃል ወዲያው መልስ የሚያገኝ ሰው ማለታችን ነው፤ ይህም የኢምፕሮቪዜሽን ትርጓሜ ነው። ነገር ግን ቤቶቹ እያነሱ ሄዱ። በጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰው ቃጠሎ ጠፋ። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ያሉ ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈረሱ። በካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃም በ2017 ዓ.ም. ከስፍራው ተነሣ። ስለ መንገዱና ስለ ሕንፃው ሌሎች ይከራከሩ። እኔ የምጠይቀው፥ አንድ ልጅ ከታላቁ ጎን ተቀምጦ የሚሰማበትና የሚሞክርበት ቤት ወዴት ሄደ? ብዬ ነው። ሰፊ መንገድ ላይ «ተቀበል!» የሚል የለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በሳምንት አንድ ማታ አንድ ክፍል ይከፈትልን። ወንበርና መብራት ይበቃል፤ ጊታሩን እኛው እናመጣለን። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የዚሁ የዩኒቨርሲቲያችን አካል ስለ ሆነ፥ ክራርና ማሲንቆ የሚማሩት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይጠሩ። ከማኅበሩ ሣጥን ጥቂት ገንዘብ ወጥቶ፥ በወር አንድ ጊዜ አንድ አዝማሪ ይጋበዝ፤ ሲመጣም በመምህርነት ክብር ይቀመጥ እንጂ እንደ መዝናኛ አይታይ። ሕጉም ሦስት ብቻ ይሁን፤ ወረቀትና ስልክ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ ስምንት ባር ተጫውቶ ተራ ይልቀቅ፤ ባለፈው ሳምንት ያሰማውን ማንም አይድገም።

ማኅበሩ ይህን ቢያደርግ ወጪው ኢምንት ነው። ባያደርግ ግን እኛ ተመርቀን ስንወጣ ሁለት ዓይነት ወረቀት ይዘን እንወጣለን፤ አንዱ ዲፕሎማ፥ ሁለተኛው የስኬል ሥዕል። ሁለቱም በግድግዳ ላይ ያምራሉ። የሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ጉዳይ በአጀንዳው ላይ ያውልልን፤ ክፍሉ የሚከፈት ከሆነም የመጀመሪያውን ማታ ኮርዱን ለማጀብ እኔ ዝግጁ ነኝ። ሶሎውን የሚጀምር ማነው?