ርካሹ ሽጉጥ ቤት ይጠብቃል ወይ?

በቡሬና በፍኖተ ሰላም የእህልና የበርበሬ ነጋዴዎች ተሰባስበው ሲያወጉ የበቆሎው ዋጋ፣ የጭነቱ ኪራይና የመንገዱ ሁኔታ ከተነሣ በኋላ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚጀመር አንድ ሌላ ወሬ አለ። ይኸውም የሽጉጥ ወሬ ነው። እገሌ «ቱርኩን» ገዛ፣ እገሌ ማካሮቩን አልሸጥም አለ፣ እገሌ ደግሞ ገዝቶ ተጸጸተ ይባላል። በዚህ ገጽ የዕቃ ዋጋ መጻፍ ልማዳችን ቢሆንም የዚህን ዕቃ ዋጋ ግን አንጽፍም። ሕጋዊ ገበያ የሌለው ዕቃ ዋጋው የሚቆረጠው በዕቃው ጥራት ሳይሆን በገዢው ፍርሃት ልክ ስለሆነ፣ ዛሬ የጻፍነው ነገ ለማንም አይጠቅምም።

ፍርሃቱ ደግሞ የፈጠራ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ምዕራብ ጎጃም የጦርነት ቀጠና ሆኖ ከርሟል። ስሟ የሰላም መንገድ የሆነው ፍኖተ ሰላም በዚያው ነሐሴ ወር ሰላማዊ ሰዎች በአየር ጥቃት ሞተውባታል። ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅም እንደ አንድ የሥራ መስክ ተስፋፋ። ነጋዴውን ይበልጥ ያጋለጠው ግን ብዙ ያልተወራለት ሌላ ነገር ነው። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ መንገድ ሲዘጋና የባንክ ቅርንጫፍ በየጊዜው ሲቆለፍ፣ ቀስ በቀስ በስልክ መክፈል የለመደው ሰው ወደ ጥሬ ገንዘብ ተመለሰ። ብሔራዊ ባንክ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ብር ኖት ሲቀይር በእጅ በሚያዝ ጥሬ ገንዘብ ላይ ገደብ ያደረገው ገንዘቡ ከፍራሽ ሥር ወጥቶ ባንክ እንዲገባ ነበር። ባንኩ ሲዘጋ ፍራሹ ተመልሶ ባንክ ሆነ። ሽጉጡም የተፈለገው ፍራሹን ለመጠበቅ ነው።

ጎጃም ለመሣሪያ እንግዳ አይደለም። ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ዲሞትፈር፣ ቤልጅግ እያለ የየዘመኑን ጠመንጃ በስሙ ጠርቶ የኖረ አገር ነው። በሬ ሸጦ ጠመንጃ የገዛ ገበሬ ብዙ ነው፤ ሲቸግረው ጠመንጃውን መልሶ ሸጦ በሬ ይገዛበታልና እንደ ጥሪት ይቆጥረዋል። መንግሥት በዚህ ጥሪት ላይ እጁን ሲዘረጋ የሚከተለውንም የ1960 ዓ.ም. ታሪክ ያስተምራል። የጎጃም ገበሬ በዚያ ዓመት በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅ፣ በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ዘመን የተጀመረው የጠመንጃ ምዝገባ አስቀድሞ ካሳደሩበት ቅሬታዎች አንዱ ነበር። የተመዘገበ ነገ ይወረሳል የሚለው ጥርጣሬ ከዚያም በፊት ነበረ፣ ዛሬም አለ።

ይሁንና ጠመንጃና ሽጉጥ አንድ አይደሉም። የገበሬው ጠመንጃ ትከሻ ላይ ይነገታል፣ ገበያ ይወጣል፣ ሠርግና ለቅሶ ይውላል። ማን ምን እንዳለው ጎረቤቱም ቀበሌውም ያውቃል። ሌባው የሚፈራው ጥይቱን ብቻ ሳይሆን ይህንኑ መታወቁን ነው። ሽጉጥ ግን የሚደበቅ ዕቃ ነው። ከኮት ሥር ይያዛል፣ ከትራስ ሥር ያድራል። እንዳለህ ያልታወቀ መሣሪያ ደግሞ ማንንም አስቀድሞ አያስፈራም። እንዳለህ ከታወቀ የባሰ ነው፤ በዚህ ዘመን ከብሩ ይልቅ ሽጉጡን ፈልጎ የሚመጣ አለና።

ታዲያ ባለቤቶቹ ምን ይላሉ? የማካሮቭ ባለቤት ይኮራል። እውነት አለው፤ በደርግ ዘመን ለጦሩና ለፖሊሱ ታድሎ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ በየቤቱ የተበተነው ይህ የሶቪየት ሽጉጥ 730 ግራም ያህል የሚመዝን፣ በካርታው 8 ጥይት የሚይዝ፣ ጥቂት ክፍሎች ያሉትና አፈር የሚችል ዕቃ ነው። ችግሩ ጥይቱ ነው። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 የሚባለው ሲሆን ከብዙዎቹ ሌሎች ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጦች ጥይት ጋር አይገጥምም። ይህን ሳያውቁ «ዘጠኝ ነው» ተብለው የገዙ አሉ። ስታር የሚባለውን የስፔን ሽጉጥ የያዙም ዕቃው እንደማያረጅ ይምላሉ፤ መለዋወጫ ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ።

ክርክሩ የሚጦፈው በቱርኩ ላይ ነው። ደጋፊው አዲስ ነው፣ ቀላል ነው፣ በማካሮቭ ዋጋ ሁለት ይገዛበታል ይላል። እዚህ ላይ ነጋዴው ለበርበሬ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለሽጉጥ አለማድረጉ ይገርመናል። በርበሬ ሲገዛ ያሸታል፣ ይበትናል፣ ከሥር ያለውን ጆንያ ያስፈታል። ሽጉጡን ግን በጨለማ፣ ሳይሞክር፣ ደረሰኝ ከሌለው ሰው ይገዛል። በቱርክ ጥሩ ሽጉጥ የሚሠሩ ፋብሪካዎች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን በአፍሪካ ቀንድ በኮንትሮባንድ ከተሰራጨው መካከል ብዙው መጀመሪያውኑ ለድምፅ ብቻ፣ ያለ እርሳስ እንዲተኩስ ተሠርቶ በኋላ በየጓዳው የተለወጠ ነው። አካሉ ዚንክ ካለበት ለስላሳ ቅይጥ የሚሠራ በመሆኑ የእውነተኛ ጥይት ግፊት እንዲችል የታሰበ አይደለም። ይነክሳል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም በያዘው ሰው እጅ ላይ ይፈነዳል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ገዢው የትኛውን እንደያዘ የሚያውቀው በቸገረው ሌሊት ነው።

እንበልና ሽጉጡ ደህና ሆኖ ተገኘ። ከማን ይጠብቃል? አጋች የሚመጣው ብቻውን አይደለም፤ ባለ 30 ጥይት ክላሽ ይዞ፣ የሰውየውን መውጫና መግቢያ አጥንቶ፣ ብዙውን ጊዜም ቤት ሳይሆን መንገድ ላይ ነው የሚጠብቀው። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። በጎድን የተሸጎጠ ሽጉጥ እዚያ ሲፈተሽ ተገኝቶ ባለቤቱን ከነጋዴነት ወደ ጠላትነት ይለውጠዋል። ኬላውን የያዘው መንግሥትም ይሁን ሌላ ታጣቂ፣ ጥያቄው «ይህን ለማን ነው የያዝከው?» ነው የሚሆነው።

ሽጉጡ በእርግጥ የሚያሸንፈው አንድ ሰው አለ፤ እሱም በአጥር ዘሎ የገባ የሰፈር ሌባ ነው። የነገሩ ከባዱ ክፍል እዚህ ላይ ነው። ያ ሌባ ብዙ ጊዜ የሚታወቅ ሰው ልጅ ነው። በእኛ አገር የተገደለ ሰው ወገን አለው። ገዳዩ ፍርድ ቤት ነፃ ቢለቀውም ደሙ አልደረቀም። ሽማግሌ እስኪገባ፣ ካሳ እስኪቆረጥና ዕርቅ እስኪወርድ ድረስ ሱቁን ዘግቶ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ፣ አንዳንዴም ቤቱን ጥሎ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መሰደድ አለ። ጥቂት ጆንያ እህልና አንድ ቴሌቪዥን ለማትረፍ የተተኮሰ ጥይት የአንድን ቤተሰብ ንግድ ለትውልድ ሲዘጋ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?

ሕጉም ቢሆን አይመችም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ግን መከላከሉ ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን ይጠይቃል፣ ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ ከመጠን ማለፍን ይመለከታል። የሚሸሽን ሌባ ከጀርባው የመታ ሰው ተመጣጣኝ ነበር ብሎ ማስረዳት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ሽጉጡ ፈቃድ ከሌለው፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ስለሚከለክል፣ ሰውየው ቤቱን ተከላክሎም ተከሳሽ ነው። ለዚህም ነው ባለ ርካሽ ሽጉጥ ሲዘረፍ እንኳ ለፖሊስ የማይናገረው።

ስለ ቤተሰቡም ማሰብ ያሻል። በ1993 (እ.ኤ.አ.) በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣ የአሜሪካ ጥናት መሣሪያ ባለበት ቤት ሰው የመገደሉ ዕድል 2.7 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል፤ ገዳዩም ባብዛኛው ከቤት ወይም ከወዳጅ ወገን ነበር። አሜሪካ ሌላ ጎጃም ሌላ ነው የሚል ይኖራል፣ ይበል። ትራስ ሥር ያለ ሽጉጥና የ6 ዓመት ልጅ ግን በሁለቱም አገር አንድ ናቸው።

ለሽጉጥ የወጣውን ገንዘብ ያህል ለሌላ ነገር ማውጣት እንደሚቻል ነጋዴው ያውቃል። ጎረቤታሞች አዋጥተው የሚቀጥሩት ዘበኛ፣ መጋዘኑን ከመኖሪያ ቤት መለየት፣ የብረት በር፣ ኡኡታ ሲሰማ ማን ከየት እንደሚወጣ መነጋገር፤ እነዚህ ሁሉ በፊትም የነበሩ ናቸው። ኢንሹራንስ ያላቸውም ውላቸውን ገልጠው ቢያዩ መልካም ነው። ተራው የእሳትና የስርቆት ውል በግጭት የሚደርስን ጉዳት ብዙ ጊዜ ስለማይሸፍን ለፖለቲካ ብጥብጥና ለሽብር የተለየ ሽፋን ካልተገዛ ካሳ መጠበቅ ከንቱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ገንዘቡ ቤት ውስጥ ባይኖር ይሻላል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፌቤላ ዘይት ፋብሪካ ያለባት ቡሬ ትልልቅ ሽያጭ የሚካሄድባት ከተማ ናት፤ ገዢና ሻጭ ሒሳቡ በባንክ እንዲዛወር ቢስማሙና ባንኩ በተከፈተባቸው ቀናት ብቻ ጭነት ቢያወጡ፣ የሰፈሩ ሌባም ሆነ አጋቹ መጋዘን ሰብሮ የሚያገኘው በቆሎ ብቻ ይሆናል። በቆሎ ደግሞ በጀርባ ተሸክሞ ሩቅ የሚሮጡበት ዕቃ አይደለም።